የረጅም ርቀት የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችን ለአደጋ የሚያጋልጡ ምክንያቶች፦ ከሰሜን ሸዋ መንገዶች ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከጫጫ እስከ አጣዬ ባለው መንገድ ላይ አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶች፣ ባለንብረቶችና የመንገድ ዳር ነዋሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

የከባድ መኪና አደጋ በብዛት የሚደርሰው በሹፌሩ ነው፣ በመኪናው ነው ወይስ በመንገዱ?

በአደጋ መዝገብ ላይ በብዛት የሚሰፍረው የአሽከርካሪ ጥፋት ነው፦ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት፣ ርቀት አለመጠበቅ፣ ቅድሚያ መከልከል፣ በመታጠፊያ ላይ መቅደም። መዝገቡ ሐሰት አይናገርም፤ ሆኖም የሚናገረው ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው። ሹፌሩ ሌሊቱን ተኝቶ እንደነበር፣ መኪናው ስንት ኩንታል እንደጫነ፣ የፍሬኑ ሸራ (ሲረገጥ እየተፋተገ ጎማውን የሚይዘው ክፍል) መቼ እንደተቀየረ፣ ጭነቱን በስንት ሰዓት እንዲያደርስ እንደታዘዘ አይነግረንም።

በተግባር ሦስቱ የሚሠሩት ተደጋግፈው ነው። ሸራው ያለቀ ፍሬን በሜዳ ላይ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ረጅም ቁልቁለት የገጠመው ዕለት ግን ጉዱ ይወጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም በሰፊና ቀጥተኛ መንገድ ላይ ለጊዜው ሊያመልጥ ይችላል፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ግን የሁለት ሰከንድ መዘንጋት ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእነዚህ አገሮች ያለው ሹፌር ከሌላው ዓለም ሹፌር ይልቅ ግድየለሽ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ስህተት ሲሠራ ስህተቱን የሚሸከምለት መንገድ፣ መኪናና የሕክምና አገልግሎት ስለሌለው ጭምር ነው።

የሰሜን ሸዋ መንገድ ለከባድ መኪና ይህን ያህል አስቸጋሪ የሆነው ለምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚሄድ ሹፌር ወደ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም ደጋውን ይዞ እስከ ጣርማበር ይቀጥላል። እስከዚያ ድረስ መንገዱ በአብዛኛው ገር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ሲያልፍ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ጥቂት ሰዓታት በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ከብርድና ከጉም ወደ ቆላ ሙቀት፣ ከቀጥታ መንገድ ወደ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይገባል።

አደገኛው ነገር ቁልቁለቱ ብቻ ሳይሆን የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሹፌሩ ለብዙ ሰዓት በአንድ ማርሽ ሲነዳ ቆይቶ ዐይኑ ከፍጥነቱ ጋር ተላምዷል፤ ስለዚህ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝግታ መስሎ ይታየዋል። ከወሎ በኩል ለሚመጣው ደግሞ ችግሩ ዳገቱ ነው፤ የጫነ ተሳቢ በእግረኛ ፍጥነት ሲወጣ ከኋላው የተሰለፉት አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ትዕግሥታቸው አልቆ ማየት በማይቻልበት መታጠፊያ ላይ ለመቅደም ይሞክራሉ። በሌላኛው የዞኑ ክፍልም ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ሲኬድ የጀማ ሸለቆ ቁልቁለትና ዳገት አለ፤ በእንሳሮ ወረዳ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚያ አካባቢ ያለው የከባድ መኪና እንቅስቃሴም የሚዘነጋ አይደለም።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ነገር በትክክል ምንድን ነው?

ፍሬን በድንገት ተበጥሶ ወይም አየሩ አልቆ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ በብዛት የሚከሠተው ግን የፍሬን መጋል ነው። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ጭነቱን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት 1,800 ሜትር ገደማ ሲወርድ መበተን ያለበት ጉልበት ቢሰላ ወደ 20 ሊትር ናፍጣ ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን የጎማ ሰበቃና ነፋስ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬኑ ታምቡር፣ ማለትም ሸራው የሚፋተግበት ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ይውጠዋል። ሹፌሩ በከፍተኛ ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን ብቻ የሚረግጥ ከሆነ አብዛኛው ሙቀት በታምቡሮቹ ላይ ይከማቻል።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውን ለመግፋት የሚያስፈልገው እርምጃ ስለሚረዝም የአየር ፍሬኑ ከሚችለው በላይ ይሆናል። ሸራውም ከመጠን በላይ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም መኪናው አይታዘዝም። መጀመሪያ የሚመጣው የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ጭስ ከጎማው ሥር ይታያል። ሽታው እንደመጣ ቦታ ፈልጎ መቆም እንጂ «ደብረ ሲና ስደርስ አየዋለሁ» ማለት አይገባም።

ከአደጋ በኋላ መኪናው ሲመረመር ፍሬኑ ደህና ሆኖ ሊገኝ እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ታምቡሩ ሲበርድ ወደ ልኩ ይመለሳል። ይህ ሹፌሩ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ነገር ግን መኪናው ምንም ጥፋት አልነበረበትም ማለትም አይደለም፤ የፍሬኑ ልክ አስቀድሞ ሰፍቶ ከነበረ የሚፈቀድለት የመጋል መጠን ከመነሻው ጠባብ ነበር።

ታዲያ ቁልቁለቱን እንዴት መውረድ ይገባል?

ከዋሻው በፊት፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ቆሞ የአየር ግፊቱንና የጎማዎቹን ሁኔታ ማየት፤ ታምቡሮቹ አስቀድመው ግለው እንደሆነ ሙቀታቸውን በቅርበት ማረጋገጥ፤ ከዚያ ማርሽ ዝቅ አድርጎ መግባት ነው። ማርሹ የሚመረጠው ከላይ ነው፤ መኪናው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ዝቅ ለማድረግ መሞከር ማርሹን ጭራሹን ሊያስወጣው ይችላል። የሞተር ፍሬን ያለው መኪና ከመጀመሪያው ይጠቀምበት። የእግር ፍሬኑ ያለማቋረጥ ተረግጦ አይያዝም፤ ፍጥነቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ዝቅ ካደረጉ በኋላ መልቀቅና ታምቡሩ ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ ይሻላል።

በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው እውነት ነው?

ሐሰት ነው፤ ሰው የሚገድል ሐሰት ነው። የናፍጣ ሞተር መኪናው በማርሽ ሆኖ ሲወርድና ሹፌሩ ነዳጁን ሲለቅ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ናፍጣ ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸውና። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ፎሌ የሚቆጥበው ነገር የለም፤ የሚያሳጣው ግን ዋናውን የመቆጣጠሪያ ኃይል ነው። ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል ይህን የሚያዝ ባለንብረት ካለ ሹፌሩ እምቢ የማለት መብትም ግዴታም እንዳለበት አምናለሁ።

ትርፍ ጭነት መኪናውን ካላበላሸ ምን ችግር አለው?

ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ፍሬኑ መበተን ያለበት ሙቀት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የታምቡሩ መጠን ግን ያው ነው። ከዚህም በላይ ትርፍ ጭነት ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ስለሚቆለል የመኪናውን የክብደት ማዕከል ከፍ ያደርገዋል። በመታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ30 ወደ 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ ግፊቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ተሳቢ መኪና ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት የሚገለበጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተሳቢው ሲነሣ ጋቢና ውስጥ ያለው ሹፌር ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

መንገዱም ይጎዳል። የአንድ አክስል ጭነት በእጥፍ ሲያድግ በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት 16 እጥፍ ይሆናል። ዛሬ በትርፍ ጭነት የተቦረቦረውን ጉድጓድ ለመሸሽ ነገ ሌላው ሹፌር ከመስመሩ ይወጣል።

ሹፌር ስንት ሰዓት ቢነዳ ነው አደጋው የሚጨምረው?

ሁለት ሰዓቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፦ መሪ ላይ የቆየበትንና ከእንቅልፉ ከተነሣ ያለፈውን ጊዜ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና ሹፌር ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያዛል፤ የቀኑ ድምር በመደበኛው ከ9 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። በአሜሪካ ጣሪያው 11 ሰዓት ነው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ይወስናል፤ የጭነት መኪና ሹፌር ግን የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በምልልስ ስለሆነ ሰዓቱን የሚቆጥርለት ሰው የለም።

ከመንዳቱ ይልቅ ንቃቱ ይበልጥ ያሳስባል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው የመዘግየትና የመሳሳት መጠን፣ በደሙ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል፤ 24 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ጭነት ሲጠብቅ የዋለ ሹፌር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 17ኛው ሰዓቱን ጨርሷል፤ መንገድ የጀመረው ግን ምናልባት ያን ጊዜ ነው። በመጋዘን ደጅ ተራ ሲጠብቅ፣ በኬላ ሲቆም፣ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋ መንገድ እስኪከፈት ሲጉላላ ያለፈው ጊዜ እንደ ዕረፍት ይቆጠርበታል። ዕረፍት አይደለም። ሰውነቱ የሚቆጥረው የተኛበትን ብቻ ነው።

እንቅልፍ ሲያሸንፍ ሰው ላያውቀው ይችላል፤ ዐይን ገልጦም አእምሮ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራት ሰከንድ ማለት 90 ሜትር ገደማ ያለ ሹፌር መሄድ ነው። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ከፍ ማድረግ፣ ፊት መታጠብ ለደቂቃዎች ያነቃቃል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። የሚረዳው ከመንገድ ወጥቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ቡና ከሸለብታው በፊት ቢጠጣ ሥራውን የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሲነቃ ይደርስለታል። እርሱም ቢሆን የሚያደርሰው ወደሚቀጥለው ማደሪያ እንጂ እስከ ንጋት አይደለም።

ጫት እንቅልፍ ይከለክላል፤ ታዲያ ለሹፌር ለምን ይከለከላል?

ጫት እንቅልፍን እንደሚያርቅ አይካድም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የሚያነቃቃ ነው፤ ሹፌሮችም የሚቅሙት ለመዝናናት ሳይሆን ሌሊቱን ለማለፍ መሆኑን የመንገዱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ችግሩ ንቃት አንድ ነገር፣ ማስተዋል ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ድካሙ አይሰማውም፤ በራሱ ላይ ያለው እምነት ይጨምራል፤ ሐሳቡ በአንድ ነገር ላይ ይተከላል። ቁልቁለት የሚጠይቀው ግን ጥርጣሬን ነው፦ «ፍጥነቴ በዝቷል ይሆን? ፍሬኑ ግሎ ይሆን?» ብሎ ራስን መጠየቅን። ምርቃና ይህን ጥያቄ ያደበዝዘዋል።

ይበልጥ የሚያስፈራው ምርቃናው ሲወርድ ነው። የተላለፈው እንቅልፍ አልጠፋም፤ ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ድብርትና ብስጭትም ያስከትላል። ይህ ውድቀት የሰውነት ሰዓት ራሱ ዝቅ ከሚልበት ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ካለው ጊዜ ጋር ሲገጣጠም ሹፌሩ በድንገት ይሸለባል። አንዳንዶች ደግሞ በማደሪያቸው ምርቃናውን ለመስበር በአልኮል ይጨብሳሉ፤ አልኮሉ ያስተኛ ይመስላል፣ ነገር ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ጠዋት መሪ ሲጨበጥም ከደም ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል።

ሹፌሩን «ጫት ተው» ብሎ መምከር ብቻውን ፍሬ የማያፈራው ለዚህ ነው። ጫቱን የጠራው ሌሊቱ ነው፤ ሌሊቱን የጠራው ደግሞ የመድረሻው ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሳይሰፋ ጫቱን መከልከል ሹፌሩን ያለ እንቅልፍና ያለ ማነቃቂያ መሪ ላይ ማስቀመጥ ይሆናል።

በጣርማበር ጉም ውስጥ መብራት ከፍ ማድረግ ይጠቅማል?

አይጠቅምም፤ ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ወደ ሹፌሩ ዐይን ይመለሳል። አጭሩን መብራትና የጉም መብራት ካለ እርሱን ማብራት፣ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ እየተከተሉ መሄድ ይሻላል። ዋናው ደንብ ግን ሌላ ነው፦ የማቆሚያው ርቀት ከሚታየው ርቀት መብለጥ የለበትም። በደረቅ አስፋልት፣ ፍሬኑ ደህና የሆነ የጫነ መኪና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም፣ ሹፌሩ ነገሩን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያለውን ጨምሮ ወደ 30 ሜትር ይፈልጋል፤ በ80 ሲሆን ወደ 90 ሜትር። በሐምሌና በነሐሴ ጉም 20 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 40 ራሱ ብዙ ነው።

በዋሻው መግቢያ ላይ ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመላመድ ጊዜ እንደሚፈልግም መርሳት አይገባም። ውስጡ የተበላሸ መኪና ወይም እግረኛ ሊኖር ይችላል።

ጎማ በቆላው ሙቀት ሲግል አየሩን ማስተንፈስ ትክክል ነው?

አይደለም። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ የታሰበበትና የሚጠበቅ ነው። ግፊቱ ሲቀነስ ጎማው ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፤ መጨረሻው መፈንዳት ነው። አየር የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጥርሱ ያለቀ ወይም የተለጠፈ ጎማ ከፊት አይታሰርም፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪውን ወደዚያው ጎን ይጎትተዋል።

በከተሞችና በገበያ ቀን የሚደርሰውን አደጋ ሹፌር ብቻውን ሊከላከለው ይችላልን?

ሙሉ በሙሉ አይችልም፤ ብዙውን ግን ሊቀንስ ይችላል። መንገዱ ጫጫን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ተማሪ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ ወደ ቆላው ሲወረድም ግመልና ከብት ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ቀን ከአማራው፣ ከኦሮሞው፣ ከአርጎባውና ከአፋሩ የሚመጣው ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ከባድ መኪና በ30 ሲመታና በ60 ሲመታ ያለው ልዩነት ለእግረኛው የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚገድል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያድጋል።

የማይታየውን ቦታም ማሰብ ያስፈልጋል። ከጋቢናው ፊት ሥርና ከቀኝ በኩል ያለ ሕፃን ወይም ባጃጅ ለሹፌሩ አይታየውም። ቆሞ ሲነሣ ረዳቱ ወርዶ ዙሪያውን ቢያይ የሚጠፋው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ተበላሽቶ የቆመ መኪናስ?

ሌሊት ያለ ምልክት የቆመ ተሳቢ ብዙ ሕይወት ይቀጥፋል። ቅጠልና ድንጋይ መደርደር የተለመደ ቢሆንም በጨለማ የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን አይተካም፤ መኪናው ሲነሣ ድንጋዩ መንገድ ላይ መቅረቱ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ምልክቱ ከመታጠፊያው በፊት ይቀመጥ፣ ጎማው በታኮ ይያዝ፤ በመጨረሻም ድንጋዩ ይነሣ።

ሕመም የአደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘውም ይህ ነው። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ስምንት ሰዓት ተኝቶም ጠዋት ደክሞት የሚነሣ ሹፌር በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መንገድ መዘጋት ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ካልታከመ አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከሌላው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ጥናቶች ያሳያሉ። ለብዙ ዓመት ተቀምጦ መሥራትና ሲመሽ ከበድ ያለ ምግብ መመገብ ክብደት ስለሚጨምር ሹፌሮች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበላ መንዳት፣ ያልታወቀ የደም ግፊት፣ የተዳከመ የሌሊት ዕይታም እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች እንደሚያስተኙ ፋርማሲውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ረዳቱ ለጥቂት ጊዜ ቢይዝለትና ሹፌሩ ቢተኛስ?

ረዳቱ ለዚያ መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ ከሌለው አይቻልም። ሰው «ሜዳው ላይ ብቻ» ይላል፤ ሜዳው ግን ሳይታሰብ ጣርማበር ላይ ያልቃል፤ የተኛውም ሰው ሳይነቃ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ረዳትነት በአገራችን ሹፌርነት የሚለመድበት መንገድ መሆኑ ይታወቃል፤ ልምዱ ግን ባዶ መኪና ላይ፣ ቀን፣ ነቅቶ ከሚመለከት ሹፌር ጎን ቢሆን ነው ልምድ የሚባለው። ሁለት ፈቃድ ያላቸው ሹፌሮች መመደብ ግን ጥሩ መፍትሔ ነው፤ በሚናወጥ ጋቢና ውስጥ የሚገኘው እንቅልፍ ከአልጋው ያነሰ መሆኑ ሳይረሳ።

የነዳጅ ቦቴ ሙሉ ሲሆን ነው ወይስ ሲጎድል ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው?

ብዙ ሰው ሙሉው ይመስለዋል። በክብደት ረገድ እውነት ነው፤ በሚዛን ረገድ ግን በከፊል የተሞላ ቦቴ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ፈሳሹ በመታጠፊያ ወደ ጎን፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይገፋልና። መሪው ተመልሶም ፈሳሹ ገና እየተመለሰ ስለሆነ በተከታታይ መታጠፊያዎች ላይ ግፊቱ ይደራረባል። ከተገለበጠ በኋላ ያለው አደጋም አይዘንጋ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ለመቅዳት ጄሪካን ይዞ መቅረብ ራስን ለእሳት መስጠት ነው። ነዋሪው ሊያደርገው የሚገባው ሲጋራና ሞተር ማራቅ፣ ተሽከርካሪ ማስቆምና ለፖሊስ መደወል ነው። ለተጎዳ ሰው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሹፌር ለምን አደጋ ያደርሳል?

ልምድ የመኪናን ጠባይ ያስተምራል፤ እንቅልፍን መቋቋም ግን አያስተምርም። ለ20 ዓመት የነዳም ሰው 20 ሰዓት ካልተኛ እንደ ጀማሪው ይሸለባል፤ ልዩነቱ «እኔ ራሴን አውቃለሁ» ማለቱ ነው። መንገዱን መልመድም ሌላ ወጥመድ አለው፤ መታጠፊያው ሁልጊዜ ባዶ ስለነበረ ዛሬም ባዶ ይሆናል ብሎ ይገባል። በአንጻሩ ልምዱ በትክክል የሚያድነው ሰው አለ፤ እርሱም ቆሞ ፍሬኑን የሚያይ፣ ሲደክመው የሚያድርና ሌሎች ሲቀድሙት የማይቆጨው ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ካለ ምን ማድረግ ይቻላል?

ማርሹን አለማውጣት፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሞተር ፍሬን ካለ ሙሉ በሙሉ መጠቀም፤ የአየር ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ አለመምታት፣ አየሩ ያልቃልና። ጥሩምባና መብራት ያለማቋረጥ እያሰሙና እያሳዩ ሌሎችን ማስጠንቀቅ። ፍጥነቱ ገና ሳይበረታ ዳገት ወዳለው መገንጠያ መግባት፤ እርሱ ከሌለ በተራራው በኩል ያለውን ቦይና ግድግዳ ተጠግቶ በመፋተግ ማዘግየት፣ በገደሉ በኩል ከመሄድ ይሻላል። መዝለል አይመከርም፤ የደኅንነት ቀበቶ ያሰረ ሰው ጋቢና ውስጥ የመትረፍ ዕድሉ ከሚዘለው የተሻለ ነው። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ የሚወሰን ስለሆነ ሹፌሩ ከዋሻው ሳይወጣ «ከዚህ በታች የት የት መግባት እችላለሁ?» ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ጥፋቱ የሹፌሩ ከሆነ ባለንብረቱና ጭነት ላኪው ለምን ይጠየቃሉ?

ይህ ከሁሉም አከራካሪው ጥያቄ ነው። ክፍያው በምልልስ ሲሆን ሹፌሩ የሚያገኘው ገንዘብ ከፍጥነቱና ካልተኛው ሌሊት ጋር ይታሰራል፤ አንድ ሌሊት ማደር ከልጆቹ ጉሮሮ የሚቀነስ ይሆናል። ትርፍ ኩንታሉን የጫነው ብዙ ጊዜ እርሱ አይደለም፤ የሸራ መቀየሪያ ገንዘብ የሚፈቅደውም እርሱ አይደለም። «ፍሬኑ ይታይልኝ» ያለ ሹፌር መኪናው ለሌላ ሰው ሲሰጥበት፣ ቀጣዩ ሹፌር ዝም ማለትን ይማራል።

ይህን ማለት የሹፌሩን ኃላፊነት ማንሣት አይደለም፤ መሪውን የያዘው እርሱ ነው፣ መንገድ ላይ ያለውም ሕፃን አደራ የተጣለው በእርሱ ላይ ነው። ሆኖም ባለንብረቱ ሊለውጣቸው የሚችላቸው ነገሮች ተጨባጭ ናቸው፦ ከክፍያው የሚበዛው ቋሚ ደመወዝ ቢሆን፣ የማደሪያ አበል ለብቻው ቢሰጥና ሹፌሩ ባያድር የማያገኘው ቢሆን፣ የመድረሻ ሰዓት ሲወሰን የመጫኛው ጥበቃና የኬላው መዘግየት ቢታሰብ፣ የፍሬን ምርመራ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በቁልቁለት ምልልስ ብዛት ቢለካ። ብዙ መኪኖች ያሉት ድርጅት የቦታና የፍጥነት መከታተያ ካስገጠመ መረጃውን ሹፌሩን ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ለምን መንገድ ላይ እንደተገኘ ለመጠየቅ ቢያውለው፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ራሱ ቢሮ ይመልሰዋል።